የአሻግሬ ግማሽ ደቂቃ

አሻግሬ ሪያድ ውስጥ ያልወጣበት ጣራ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሥራው ዲሽ መትከል ነው። ፉጣ በሚባል ሰፈር አንድ የመናዊ በከፈተው ጠባብ ሱቅ ይሠራል። ደንበኛ ሲጠራ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል፤ ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን ባለቤቱ ወደሚፈልገው ሳተላይት ያዞራል፤ ከዚያ ወርዶ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና ሳሎን ገብቶ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ሪሲቨሩን ሲነካካ ይቆያል። ሕንዱ የሕንዱን ጣቢያ፣ ፊሊፒኖዋ ነርስ የማኒላውን፣ ቱርኩ ፀጉር አስተካካይ የኢስታንቡሉን ይጠይቀዋል። ሁሉም አገሬን አምጣልኝ ነው የሚሉት፤ እሱም አምጥቶ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል።

በ1993 ዓ.ም ግድም እነዚህን ሳሎኖች ሁሉ አንድ ጨዋታ ያዛቸው። መሃል ላይ ሁለት ከፍ ያሉ ወንበሮች አሉ። አንዱ ላይ ጠያቂው፣ ሌላው ላይ ላቡን የሚጠርግ ተጫዋች ይቀመጣል። መብራቱ ሰማያዊ ነው፤ ሙዚቃው ሆድ ያላውሳል። የጨዋታው ስም በየአገሩ ይለያያል፣ የኛ ሰዎች ግን «የወንበሩ ጨዋታ» ብለው ተገላገሉ።

አሻግሬን በመጀመሪያ የገረመው ሁሉም የራሱን ዋናው ነው ማለቱ ነበር። አንድ ግብፃዊ መሐንዲስ ሌላው ዓለም ሁሉ ጨዋታውን ከዓረቦች እንደቀዳ ሊያስረዳው ሻዩን አስቀዘቀዘበት። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሕንዳዊ የሒሳብ ሠራተኛ፣ እንግሊዞች ድሮ ቅመማችንን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ጨዋታችንን ብሎ ተማረረ። አሻግሬ ለሁለቱም ልክ ነህ አላቸው። ዲሽ ተካይ ከደንበኛ ጋር አይከራከርም፤ ከተከራከረ መሰላሉን ይዞ ባዶ እጁን ይመለሳል።

በሆዱ ግን ያወዳድር ነበር። የእንግሊዙ ጠያቂ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ ተጫዋቹ ሲወድቅ አዝናለሁ ይልና ቀጣዩን ይጠራል፣ ልክ እንደ ቢሮ። የሕንዱ ከወንበሩ ተነስቶ ያቅፋል። ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ እግሩን ይነካል፣ እናትየው ከተመልካቹ መሃል ታለቅሳለች፣ አንዱ ጥያቄ ሳይመለስ ሦስት ማስታወቂያ ይገባል። ፊሊፒኖዎቹ ነገሩን በዘፈን ያደምቁታል። ሞስኮ የተማረ አንድ ሶሪያዊ ሐኪም እንደነገረው ደግሞ፣ የሩሲያው ላይ ተጫዋቹ ሕዝቡን እርዱኝ ሲል ሕዝቡ አንዳንዴ ሆን ብሎ የተሳሳተውን ይጠቁመዋል። አሻግሬ ይህን ሲሰማ ከልቡ ሳቀ። ሐኪሙ ቀልዱ እንዲህ የሚያስቅ አልመሰለውም ነበርና ትንሽ ግራ ተጋባ።

እሱን ከሁሉም በላይ የሚይዘው ግን ስልኩ ነው። ተጫዋቹ ሲጨንቀው ወዳጁ ጋ ይደወልለታል፣ ለጥያቄውም ግማሽ ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ ይሄ በየትኛውም አገር አለ። የእንግሊዙ ላይ ስልኩ ሲነሳ ሁለት ቃል ተባብለው ወዲያው ሰዓቱ ይቆጥራል። የዓረቡ ጠያቂ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ ሰላምታውን ያደርሳል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ «አጠገቤ የተቀመጠውን እገሌን ታውቀዋለህ?» ይላል። በስልክ ያለውም «እንዴት አላውቀውም! ወንድሜ ነው፣ የልቤ ሰው ነው» ሲል ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ግማሽ ደቂቃዋ የምትጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህቺ «ታውቀዋለህ?» የምትል ጥያቄ ስትመጣ አሻግሬ ሪሞቱን እንደያዘ ደርቆ ይቀራል። ደንበኛው ምስሉ ጠርቷል፣ ሹክረን፣ ሂድ ሲለው እንኳ አይሰማም።

ምክንያት ነበረው፤ የምክንያቱ ስም ማርቆስ ነው።

በ1988 ዓ.ም ሁለቱ ፉጣ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው። አሻግሬ አገር ቤት ሳለ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ሪያድ የመጣው በኮንትራት ነው፣ ከፊል የሚባል ኃላፊ አሠሪ አለው፣ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድም አለው። ማርቆስ ግን በሰው ስም፣ ለመካ ጉዞ በሚሰጥ የዑምራ ቪዛ ገብቶ የቀረ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለችው ኢቃማ የሌላ ሰው ናት። ፖሊስ ባየ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል። አንድ ሳህን ነበር የሚበሉበት፤ አሻግሬ ሮማንን ሲያገባም ሚዜው ማርቆስ ነበር።

ሮማን ሆስፒታል ገብታ ምጥ በያዛት ቀን አሻግሬ ለሕፃን ልብስ ወደ ባጣ ገበያ ሮጠ። በጥድፊያው ሱሪ ለውጦ ስለነበር ኢቃማው በድሮው ሱሪ ኪስ ቀርቷል። አደባባዩ ላይ ፖሊሶች ያዙትና ኢቃማ አሉት። ክፍሌ ውስጥ ነው፣ እዚያ ነው፣ ይታያል፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት ብሎ ለመነ። ይህን ሁሉ ሰው ስለሚል አልሰሙትም። በዚህ መሃል ማርቆስ ትኩስ ዳቦ ታቅፎ ከመንገዱ ጥግ ብቅ አለ። አሻግሬ እግዚአብሔር ላከልኝ አለ። «ማርቆስ፣ ኢቃማዬን ከሱሪዬ ኪስ ሮጠህ አምጣልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ፖሊሱ ወደ ማርቆስ ዞረና «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አለው።

ማርቆስ ፖሊሱን አየ፣ አሻግሬን አየ። «አላውቀውም» አለና ዳቦውን ታቅፎ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሪያድ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ተርሒል፣ ወደ ማባረሪያው እስር ቤት፣ ወሰዱት። ከፊሉ አገር ውስጥ አልነበረም፤ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። አሻግሬ አውሮፕላን ላይ ሲሳፈር ሴት ልጅ እንደተወለደችለት እንኳ አላወቀም። ሦስት ዓመት አገር ቤት ተንከራቶ፣ ሐሰን በሚል ስም አዲስ ፓስፖርት አውጥቶ፣ በአዲስ ኮንትራት ተመለሰ።

ሮማን ያኔ ሺፋ በሚባል ሰፈር እማማ ዘነበች ቤት ትኖር ነበር። እማማ ዘነበች የሪያድ ሐበሻ ሁሉ እናት የሆኑ ትልቅ ሴት ናቸው፤ የታሰረ ያስፈታሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ሳይጠየቁም ይመክራሉ። አሻግሬ በሩን ሲያንኳኳ የከፈተለት ማርቆስ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ እግሩ ላይ ተጠምጥማለች። «ባባ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው ማርቆስን ነው፤ ባባ ያለችውም እሱን ነው።

ከዚያ ለቅሶና እልልታ ሆነ። ሮማን ባሏ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ነገረችው፤ ማርቆስ ወተት ሳያቋርጥ እንዳመጣ፣ ልጅቱ ሲያተኩሳት ተሸክሞ እንደሮጠ፣ ሶሊያና ብሎ ስም ያወጣላት እንኳ እሱ እንደሆነ። እማማ ዘነበችም ወንድምህን ሳመው፣ እሱ ባይኖር ሰው አታገኝም ነበር አሉት። አሻግሬ ሳመው። ማርቆስ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተሳመ።

እዚያው ሊናገር ይችል ነበር። ቢናገር ግን ምን እንደሚሆን ያውቃል። ማርቆስ ያለቅሳል፤ እማማ ዘነበች ሽማግሌ ይጠራሉ፤ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ይንበረከካል፤ ጉልበት ይስማል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባልና በማግስቱ አብረው ምሳ ይበላሉ። አሻግሬ እርቅ አልፈለገም። በቀል ነበር የፈለገው፣ ያውም ልክ በልክ የተሰፋ። ሰው ፊት፣ በጭንቅ ሰዓት፣ ያንተ በሚለው ሰው አንደበት መካድ ምን እንደሚመስል ማርቆስ እንዲቀምሰው ፈለገ። ስለዚህ ዋጠው። ማርቆስ አንድ ቀን ለብቻው አግኝቶት «ያን ዕለት...» ብሎ ሲጀምር እንኳ ኸላስ፣ ያለፈ ነገር ነው ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ማርቆስ ይቅርታ የተደረገለት መስሎት እንባውን ጠረገ። አሻግሬ ግን ይቅርታ ከተጠየቀ በቀሉ እንዳይረክስበት ነበር የሸሸው።

እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት ኖረ። በዓል በመጣ ቁጥር ማርቆስ ቤቱ ይበላል፤ ሮማን ጥሩ ጥሩውን ለእሱ ታጎርሳለች፤ ሶሊያና አባቷን ባባ ማለት ብትለምድም አሁንም የምትወጣው የማርቆስ ጭን ላይ ነው። አሻግሬ ይስቃል፣ ይጋብዛል፣ ውስጡ ግን እንደ ጎመን ድስት ይንተከተካል። ቂም እንዲህ ነው፤ የያዘውን ሰው እያሳቀ ይበላዋል።

የ1995 እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ዕድሉ እግሩ ድረስ መጣለት። ዘመድኩን የሚባል የአንድ ቤተሰብ ሹፌር አለ፤ ማይክሮፎን ካገኘ የማይለቅ ሰው ነው። ከከተማው ደቡብ ጫፍ አንድ ኢስትራሃ፣ ማለት የድግስ ግቢ፣ ተከራይተን አርብ ከቀትር በኋላ የራሳችንን የወንበር ጨዋታ እናዘጋጅ አለ። ሽልማቱን አንድ ትኬት የሚሸጥ ሐበሻ ቻለ፤ እስከ መጨረሻው የመለሰ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይሄዳል። ሕጉን ለመወሰን ጥቂት ሰዎች እማማ ዘነበች ቤት ተሰበሰቡ። አሻግሬ የሁሉንም አገር አይቷል ተብሎ ተጠራ።

ክርክሩ ሞቀ። ዘመድኩን ዋናው የእንግሊዙ ስለሆነ ሕጉም የእንግሊዙ ይሁን አለ። እማማ ዘነበች ያ ሰውዬ ፊቱ አይፈታም፣ እኔ የሕንዱ ይሻለኛል፣ የወደቀውን ያቅፋል አሉ። አሻግሬ ዝም ብሎ ቆየና ጥያቄው እንደፈለጋችሁ ይሁን፣ ስልኩ ግን የዓረቡ ይሁን አለ። ጠያቂው ሰላምታ ያድርስ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ያለውን ታውቀዋለህ ብሎ ይጠይቅ፣ ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ይጀምር፤ ለእኛ ሰው ሰላምታ የሌለው ስልክ ምን ስልክ ነው ብሎ አስረዳ። ሁሉም ተስማማ፣ እማማ ዘነበች እንዲያውም መረቁት። ስልኩን የሚቀበለው ሰው እንዳይጠቁም ከአዳራሹ ውጭ፣ በሩ ጋ እንዲቆምም ተወሰነ።

ማን ይጫወት ሲባል ማርቆስን ያቀረበው ራሱ አሻግሬ ነው። ማርቆስ ኢቃማውን ካስተካከለ ገና ዓመቱ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አገሩን አላየም፤ ደሴ ያሉት እናቱ ዓይናቸው እየፈዘዘ ሳላየው ልታወር ነው እያሉ በስልክ ያለቅሱበታል። የመውጫ ቪዛ አግኝቷል፣ ትኬቱ ብቻ ጎድሎታል። ለእሱ ይገባዋል አለ አሻግሬ። ሮማን ያን ቀን ባሏን ያየችበት ዓይን ልዩ ነበር። ወዳጅህ ማነው፣ ማን ጋ ይደወልልህ ተብሎ ሲጠየቅ ማርቆስ ሳያስብ ወንድሜ አሻግሬ አለ። ሌላ ማንን ሊል ይችላል?

አርቡ ደረሰ። በኢስትራሃው አዳራሽ ሰው ግጥም ብሎ ነበር። ሁለት ከፍ ያሉ ወንበሮች ከአንድ ምግብ ቤት ተለምነው መጥተዋል፤ አምፖሎቹ በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልለዋል፤ ሙዚቃውን አንድ ልጅ ከቴሌቪዥን በካሴት ቀድቶታል። ዘመድኩን ከረባት አስሮ ነበር። ሦስት ሰዎች ተጫውተው ወደቁና ማርቆስ ወንበሩ ላይ ወጣ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መለሳቸው። አሻግሬ በሩ ጋ፣ ከግድግዳው ውጭ፣ ሞባይሉን ይዞ ቆሟል። የድምፅ ማጉያው ሁሉንም ነገር ያወጣለታል። 

የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። አዋሽ ወንዝ ጉዞውን የሚጨርሰው የትኛው ሐይቅ ውስጥ ነው? አፍዴራ፣ አሳል፣ አቤ ወይስ ዝዋይ? አዳራሹ አጉረመረመ። አሻግሬ አፋርን ከጥግ እስከ ጥግ የዞረ የመኪና ረዳት ነበርና መልሱ እንደ ስሙ ጠፍቶት አያውቅም፤ አቤ ነው። አሻግሬ መልሱን እንደማያጣው ማርቆስም ያውቃል። በደስታ የሚንቀጠቀጥ ድምፁ በማጉያው ተሰማ፤ ለወንድሜ ይደወልልኝ አለ።

ሞባይሉ ጮኸ።

«ሄሎ፣ አሻግሬ፣ እንደምን ዋልክ?» አለ ዘመድኩን።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና።»

«እዚህ ከእኔ ጋር ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ማርቆስ የሚባል ሰው አለ። ታውቀዋለህ?»

አሻግሬ ይህን ቃል በስንት ጣራ ላይ ተለማምዶታል። ሲያወጣው ግን ድምፁ እንዳሰበው ቀዝቃዛ አልነበረም። «አላውቀውም» አለ። «አንድ ቀን ባጣ አደባባይ ላይ ዳቦ ታቅፎ ሲያልፍ ያየሁት ይመስለኛል። ሰውየውን ግን አላውቀውም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሻግሬ ቀልደኛ ነው እንዴ ተባለ። ዘመድኩንም እየሳቀ ያላ፣ ቶሎ በል፣ ሰዓቱ ጀምሯል፣ ጥያቄህን አንብብለት አለ። ማርቆስ ግን አላነበበም። ሙዚቃው እየመታ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ ማጉያው ዝም አለ። አሻግሬ ከግድግዳው ውጭ ዓይኑን ጨፍኖ ያን ዝምታ ጠጣው። ሰባት ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ጥማት ነበርና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ቅቤው ግን ብዙ አልቆየም። ማርቆስ ተናገረ።

«ጥያቄውን ተወው» አለ። «አሻግሬ እውነቱን ነው። ፖሊስ ይዞት ሳለ፣ ሮማን ምጥ ላይ ሆና፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ አሉኝ። አላውቀውም ብዬ ዳቦዬን ታቅፌ ሄድኩ። ዳቦውን አልበላሁትም። ከዚያ ወዲህ ያመጣሁት ወተት ሁሉ የዚያ ዕዳ ነው። ይኸው ነው።»

ሰዓቱ አለቀና ካሴቱ ያን ልብ የሚሰብር የሽንፈት ሙዚቃ መታ። አሻግሬ አሁን ይጮሁበታል፣ አሁን ይተፉበታል ብሎ ጆሮውን ቀሰረ። መጀመሪያ የሰማው የእማማ ዘነበችን ለቅሶ ነው። አይዞህ የኔ ልጅ፣ ይህን በሰው ፊት ለመናገር ልብ ይጠይቃል እያሉ ነበር። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ። ዘመድኩን ማይክሮፎኑን እንደያዘ ከወንበሩ ተነስቶ ማርቆስን ሲያቅፈው የሁለቱ ልብስ መታሸት በማጉያው ተሰማ። ትኬቱ ይሰጠው የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ሁሉም ይሰጠው፣ ይሰጠው አለ። ትኬት ሻጩም እሺ አለ፣ እልልታውም ቀለጠ።

አሻግሬ የስልኩን ሕግ ከዓረቡ ሲያመጣ፣ ዕቅፉ ከሕንዱ ይመጣል ብሎ አላሰበም። የእንግሊዙ ጠያቂ ቢሆን አዝናለሁ ብሎ ቀጣዩን ይጠራ ነበር። የኛ ሰው ግን የሚያለቅስ ሲያይ ማን ማንን እንደበደለ ይጠፋበታል። አሻግሬ ግድግዳውን በቡጢ መታው፤ የተላጠው የራሱ እጅ ነው። የተካደው እኔ፣ የታሰርኩት እኔ፣ የሚጨበጨብለት እሱ ብሎ ብቻውን ተሳደበ።

በሩ ተከፈተና ሮማን ወጣች። ሶሊያናን በእጇ ይዛለች፣ አባያዋን ለብሳለች። አላለቀሰችም። እውነት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችውም።

«አራት ዓመት አጠገቤ እየተኛህ ዝም አልክ» አለችው። «በእጄ ሳጎርሰው ቁጭ ብለህ አየህ።»

ልክፈለው ብዬ ነው፣ ቀን እየጠበቅኩ ነበር አላት።

«እሱ አንተን ካደህ፣ እሺ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሕፃን ታቅፌ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ። ትቶኝ ሄደ ብዬ አንተን የረገምኩት እኔ ነኝ። ሁለታችሁም የያዛችሁት የራሳችሁን ቁስል ነው። የእኔን ማን ያዘው?»

 መልሱን ሳትጠብቅ ወደ መንገዱ ወጥታ ታክሲ አስቆመች። ማርቆስ ከኋላቸው ብቅ ብሎ ሮማን፣ እህቴ ሲል አልዞረችም። አሻግሬ ከፊት፣ እሷና ልጅቱ ከኋላ ተቀመጡ። ሹፌሩ ፓኪስታናዊ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

ወደ ሺፋ ሊገቡ ሲሉ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው ይፈትሹ ነበር። አንድ ወጣት ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ኢቃማ አለ። አሻግሬ ሰጠው። ሐሰን ይላል። ሮማን የእሷን ሰጠች፤ የእሷም በመጣችበት የሌላ ሰው ስም ራህማ ይላል፤ ሁለቱን ወረቀቶች የሚያገናኝ አንድም ፊደል የለም። ጋብቻቸው የተፈጸመው ያለ ወረቀት፣ በሰውና በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ነው። ፖሊሱ አሻግሬን አየ፣ ወደ ኋላ አየ። ዘመዱ ካልሆነች ሴት ጋር መኪና ውስጥ የተገኘ ወንድ የት እንደሚወሰድ አሻግሬ በደንብ ያውቃል፤ የተርሒሉ ብርድ ልብስ ሽታ አፍንጫው ላይ መጣበት።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አላት ፖሊሱ በዓረብኛ።

ሮማን ዝም አለች።

አሻግሬ ወደ ኋላ ሊዞር ፈለገ፣ አንገቱ አልታዘዝ አለው። ከፊት ባለው የኋላ ማሳያ መስታወት ውስጥ ያያታል። በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደ አንድ የተዘጋ ሱቅ ትመለከታለች። ሶሊያና የእናቷን ፊት አይታ እሷም አፏን ያዘች። ፖሊሱ ጥያቄውን ደገመ። የወንበሩ ሙዚቃ የትም አይመታም፣ አሻግሬ ግን ይሰማዋል፤ ልቡ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ባጣን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ አውሮፕላኑን አየ። 

«አውቀዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «የልጄ አባት ነው።»

ባሌ ነው አላለችም። ፖሊሱ ልጅቱን አየና ኢቃማዎቹን መለሰ፤ ያላ ብሎ የመኪናውን ጣራ መታ መታ አደረገ። ታክሲው ተንቀሳቀሰ። አሻግሬ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ሮማን ወደ ፊት ጠጋ አለች። ቁጣ በድምፅዋ ውስጥ አልነበረም።

«ግማሽ ደቂቃዋ ረዘመችብህ?» አለችው።

ሹፌሩ ወደ ግራ ልታጠፍ ወይስ ቀጥ ብዬ ልሂድ ብሎ ጠየቀ። የመለሰችለት እሷ ናት።